ለኦፕን ሶርስ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ ከቃላት ማውጫው ጀምሩ

ሰሞኑን አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ አካባቢ ያገኘኋት አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ «ለፖስትግሬስኪውኤል የአቅሜን ማበርከት እፈልጋለሁ፤ የውስጥ ኮዱን ለመንካት ግን ገና ነኝ፤ ከየት ልጀምር?» ስትል ጠየቀችኝ። ፖስትግሬስኪውኤል ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ከፕሮግራሙ መመሪያ ሰነድ መጨረሻ፣ በፊደል ተራ ከተደረደረው የቃላት ማውጫ እንድትጀምር ነገርኳት። እሷ አመስግና ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በዳታቤዝ ባለሙያነት በምሠራበት ዘመን ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ስላልነበረ የፖስትግሬስኪውኤልን ሰነድ አሳትመንና በበርካታ ጥራዝ አስጠርዘን መዝገብ ቤት እናስቀምጠው ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ቆመ። መልእክቱ ዲስኩ መሙላቱን ይናገራል፤ ቦታውን የያዘውም ፒጂ ኤክስሎግ የሚባለው ፎልደር ነበር። ስማቸው ረጃጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር የሆነ፣ እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት የሚመዝኑ ፋይሎች ሞልተውታል። ከመካከላችን አንዱ «ሎግ አይደል? የቆየውን እናጥፋውና ይነሣ» አለ፤ ሐሳቡ ለብዙዎቻችን ምክንያታዊ መስሎ ስለታየን ትእዛዙ እስከ መጻፍ ተደርሶ ነበር።

ያስቆሙን የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ናቸው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሴት ስለ ዳታቤዝ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ወረቀት ሳይነበብ ሲወገድ ማየት አይወዱም። እኛ የመጀመሪያውን ጥራዝ ይዘን የምዕራፎቹን ዝርዝር ስናገላብጥ «ኤክስ ያላችሁት የምን ምሕጻር ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ባልደረባችን የትራንዛክሽን መሆኑን ነገራቸው። እሳቸውም የመጨረሻውን ጥራዝ አንሥተው በእንግሊዝኛው «ቲ» ሥር ጣታቸውን እያንሸራተቱ ወረዱና «ትራንዛክሽን ሎግ» ከሚለው መስመር ላይ ቆሙ። መስመሩ ገጽ አልሰጣቸውም፤ «ዋል የሚለውን ተመልከት» ብሎ ወደ ሌላ ቃል ላካቸው፤ ዋል የዚያው መዝገብ ሌላ ስም ነው፤ ከዚያም ምዕራፉን አወጡልን።

ምዕራፉን ስናነብ ማንኛውም ለውጥ ወደ ዋናው የዳታ ፋይል ከመግባቱ አስቀድሞ የሚመዘገበው እዚያ ፎልደር ውስጥ መሆኑን፣ ሰርቨሩ በድንገት ሲወድቅም ራሱን የሚያነሣው ከእነዚያው ፋይሎች መሆኑን አወቅን። ብናጠፋቸው ኖሮ ዳታቤዙ ላይነሣ ይችል ነበር። ፋይሎቹ የተከመሩበት ምክንያትም ወደ መጠባበቂያ ዲስክ የሚገለብጣቸው ትእዛዝ በመክሸፉ ነበር፤ ቅጂው እስኪሳካ ድረስ ሰርቨሩ አንዱንም አይለቅም። ከዲስኩ ላይ ሌላ ነገር አንሥተን ቦታ አስለቀቅን፣ መጠባበቂያውን አስተካከልን፣ ሰርቨሩም ተነሥቶ የማያስፈልገውን ራሱ አጸዳ። በሌሎች አገሮችም «ሎግ» የሚለው ስም እያሳሳታቸው ይህንኑ ፎልደር ያጠፉ ሰዎች ነበሩ፤ በ2010 ዓ.ም. መስከረም በወጣው የፖስትግሬስኪውኤል ሥሪት 10 ፎልደሩ ፒጂ ዋል ተብሎ ስሙ የተቀየረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እትዬ ይህን ብልሃት ያገኙት ከዕለት ሥራቸው ነው። ባለጉዳይ ማኅደሩን በፋይል ቁጥሩ አይጠይቅም፤ «ያ የአጎቴ የቤት ጉዳይ» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በባሕር መዝገባቸው ኅዳግ ላይ ሰው የጠየቀበትን አጠራር እየጻፉ ከፋይል ቁጥሩ ጋር ያያይዙት ነበር። ፀጋዬ በሁለቱም ጸ ይጻፋል፤ እሳቸው ዘንድ አንደኛው ሁልጊዜ ወደ ሌላኛው ይመራል። ከዚያ ዓርብ ወዲህ እኔና እሳቸው ለፖስትግሬስኪውኤልም አንድ ደብተር ከፈትን፦ በግራ በኩል ባልደረቦቻችን የጠየቁበት ቃል፣ በቀኝ በኩል መልሱ የተገኘበት ክፍል። «አጥፍቼው ሳለ ዲስኩ ለምን አልቀነሰም?» የሚለው ጥያቄ ቫኩም (የተሰረዘ መረጃ የያዘውን ቦታ ዳግም እንዲያገለግል የሚያጸዳው ሥራ) ከሚለው ክፍል አጠገብ ተጽፎ ነበር።

ደብተሩ ሲሞላ ወደ ፕሮጀክቱ እንዲላክ ሐሳብ ቀረበ፤ የበላይ ኃላፊው ግን የውጭ ሰዎችን ሰነድ ማረም የእኛ ሥራ አይደለም ብለው ዘጉት። እትዬ ጡረታ ወጡ። ቢሮው ሲዛወር ደግሞ ደብተሩ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጠቃሎ ተጣለ። ለስንት አገር ባለሙያ በር የሚከፍት ሥራ እንደዚያ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ወጣቶች የመጀመሪያ አስተዋጽኦአችሁ በሥራ ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ትልቅ ኮድ እንዲሆን ትቸኩላላችሁ፤ ሰነድ ማንበብም ትታችኋል። መፈለጊያ ሳጥኑ ይበቃል የሚለኝም ብዙ ነው። ሳጥኑ የጻፋችሁት ቃል ያለበትን ገጽ ያመጣል፤ ጉዳዩ በሌላ ቃል ከተጻፈ ግን ዝም ይላል፤ «ሎክ» (አንድን መረጃ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ እንዳያበላሹት የሚይዝ ቁልፍ) ብትሉት ደግሞ ቃሉን የጠቀሰውን ሁሉ ያዘንብባችኋል። ማውጫው ግን «ሎክ» በሚለው ሥር «አድቫይዘሪ» (ትርጉሙን ተጠቃሚው ፕሮግራም የሚወስንለት) እና «ሞኒተሪንግ» (ክትትል) ብሎ ይለያል፤ አድቫይዘሪ ሎክን ለብቻው በ«ኤ» ሥር ለሚፈልግም ሌላ መግቢያ አለው። ይህን መለየት የቻለ ሰው እያንዳንዱን ክፍል አንብቦ የወሰነ ሰው ነው።

አሠራሩ አይከብድም። የፖስትግሬስኪውኤል ሰነድ የሚጻፈው ዶክቡክ በሚባል ለሰነድ በተበጀ የምልክት ቋንቋ ነው፤ ማውጫው የሚወጣው ጸሐፊዎች በጽሑፉ መካከል ከሚያስቀምጡት «ኢንዴክስተርም» ከሚባል ምልክት ነው። «ፕራይመሪ» ዋናውን ቃል፣ «ሰከንደሪ» በሥሩ የሚገባውን፣ «ሲ» ደግሞ ወደ ሌላ ቃል የሚልከውን መስመር ይይዛል። ምልክቱ የሚኖረው ከአንቀጹ ጋር ስለሆነ አንቀጹ ወደ ሌላ ምዕራፍ ቢዛወር አብሮት ይሄዳል።

ጠያቂው የሚጠራበት ቃል ሁሉ ይመዝገብ እላለሁ፤ ይሁንና አንድ ቃል በተጠቀሰበት ስፍራ ሁሉ ምልክት መትከል ማውጫውን ይገድለዋል። አንባቢ ከአንድ ቃል ፊት አሥር ማስፈንጠሪያ ካገኘ ተመልሶ ወደ መፈለጊያ ሳጥኑ ነው የሚሄደው። ጉዳዩ የሚብራራበትን ክፍል ብቻ ምረጡ፤ ለተለመደው የተሳሳተ አጠራር ደግሞ የ«ሲ» መስመር ጨምሩ። እዚህ ላይ እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ እኛ አለማወቃችንን ደብቀን ስናንጎራጉር እናንተ ሳታፍሩ ትጠይቃላችሁ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውም ያ በመጀመሪያ የጠየቃችሁበት፣ ከመልመዳችሁ በፊት የነበረው ቃል ነው። ሳይጠፋባችሁ ጻፉት።

ለተማሪዋ የመረጥኩላት ምዕራፍ ቫኩም ያለበትን፣ ስለ ዳታቤዝ የዘወትር ጥገና የሚናገረውን ነው። አሁን ያሉትን የማውጫ መስመሮች በመጀመሪያ ትለቅማለች፤ ከጓደኞቿ ጥያቄዎች ጋር ታመሳክራለች፤ የጎደለውን ጨምራ ሰነዱን በራሷ ኮምፒውተር ከገነባች በኋላ አዲሶቹ መስመሮች ከነባሮቹ ጋር በአጻጻፍ መስማማታቸውን ታያለች። የመጀመሪያው ፓች (ለግምገማ የሚላከው የለውጥ ፋይል) ከዚህ አንድ ምዕራፍ እንዳያልፍም ነግሬያታለሁ፤ የሚገመግሙት ሰዎች እያንዳንዱን መስመር ከጽሑፉ ጋር አስተያይተው ማጣራት ስላለባቸው፣ አጭሩ ፓች ቶሎ ይነበባል።