የድንጋይ ቀዳዳ ለምታዩ ልጆች

ልጆቼ፣

በባሕር ዳር ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ የማያውቅ የለም። ጣና ዳር ሞልቷል። ጂኦሎጂ የጀመሩ ተማሪዎች ይዘውልኝ ሲመጡ የሚጠይቁኝ «ይሄን ምን በላው?» ብለው ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ግን ስልክ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ድንጋዩን ስበሩት።

ስትሰብሩት ቀዳዳው ውስጡም አለ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ የመርፌ ጫፍ ታህል። ብዙዎቹ ወደ ውጭ አይከፈቱም። መግቢያ ከሌለው ደግሞ ማንም ገብቶ አልቆፈረውም። ላቫ፣ ማለት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣው አለት፣ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ውስጡ የተወው አረፋ ነው። ጣናን በደቡብ በኩል የገደበውም ላቫ ነው።

አሁን እንስሳ የሠራውን ቀዳዳ ልንገራችሁ። ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ሊቶፋጋ የሚባል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አለ። መልኩ ቁርጥ ቴምር ነው። የሚኖረው የኖራ ድንጋይ ሰርስሮ ነው። ጥርስ የለውም። ድንጋዩን የሚያሟሟ ፈሳሽ ከሰውነቱ ያመነጫል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የራሱ ዛጎልም የተሠራው የኖራ ድንጋዩ ከተሠራበት ከዚያው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ታዲያ ራሱን ለምን አያሟሟም? ዛጎሉን ከላይ የለበሰው ወፍራም ቡናማ ሽፋን ይከላከልለታል። 5 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ ከ15 እስከ 35 ዓመት ይፈጅበታል። ሰዎች ሊበሉት ሲሉ አለቱን በመዶሻ እያፈረሱ ያወጡት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማውጣቱ ተከልክሏል። ደግ አደረጉ፤ አለቱ ሲፈርስ የሌላውም ፍጥረት ቤት አብሮ ይፈርሳል።

ጣሊያን ውስጥ፣ ናፖሊ አጠገብ ፖዙዎሊ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ከጥንት የሮማውያን ገበያ የተረፉ 3 የእብነ በረድ ዓምዶች ቆመዋል። ከታች 3.6 ሜትር ያህሉ ልሙጥ ነው። ከዚያ በላይ 2.7 ሜትር ያህሉን ሊቶፋጋ በሳስቶታል። የባሕር እንስሳ እዚያ ላይ እንዴት ወጣ? አልወጣም። መሬቱ ነው ከነዓምዶቹ ባሕር ውስጥ የሰመጠው። የታችኛውን ክፍል ደለል ቀብሮ አዳነው፣ ውኃ ውስጥ የቀረው ተበሳ፣ በኋላም መሬቱ ተመልሶ ከፍ አለ። ዓምዶቹ ግን አልወደቁም። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ቻርልስ ላይል እ.ኤ.አ. በ1830 ባሳተመው መጽሐፍ ፊት ላይ የእነዚህን ዓምዶች ሥዕል አወጣ። መሬት ቀስ ብላ እንደምትሰምጥና እንደምትነሳ ማስረጃው ቀዳዳው ነበር። ቀዳዳው ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያበቃ ማንም ባይለካ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

ስለዚህ ለኩ። ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ መጠኑ ያልታወቀ ፎቶ ለማንም አይረባም። ከፍታውንም ጻፉ።

ከባሕር ዳር በደጀን አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ የዓባይ በረሃን የኖራ ድንጋይ ታገኛላችሁ። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባሕር የነበረ ቦታ ነው፤ የዛጎል ቅሪት አለበት። ቀዳዳ ካያችሁ ግን አትቸኩሉ። የኖራ ድንጋይን ዝናብም ይበሳዋል። መግቢያው አንድ ነው? ውስጡ ልሙጥ ነው? ዛጎሉስ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ አለ? ካጣችሁት ደብተራችሁ ላይ «ቀዳዳ» ብላችሁ ብቻ መዝግቡና እለፉ።