መልስ፦ ሐረር ላይ የቃሪያ መደብ መቼ ይጎዝጎዛል (በአገዳ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፈናል)?

«መሬቱ በረዶ እስኪይዝ ጠብቁ» የሚለው ምክር ላንተ አይሠራም። ያ አፈራቸው በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ለሚጋገርባቸው አገሮች ነው። እነሱ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚሸፍኑት፣ አፈሩ እየቀለጠ ተመልሶ ሲጋገር ሥሩን ወደ ላይ ገፍቶ እንዳያወጣው ነው። ሐረር ውስጥ ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ አፈሩ አይጋገርም። የእኛ ችግር ከኅዳር በኋላ ያለው ድርቀት ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ ጎዝጉዝ።

1. አረሙን ንቀል፤ አፈሩ ከደረቀ መጀመሪያ በደንብ አጠጣ። ደረቅ አፈር ከሸፈንክ ድርቀቱን ነው የምታቆየው።
2. የተከታተፈ የማሽላ አገዳ ወይም ደረቅ ቅጠል አራት ጣት ያህል አልብስ። ገራባም (ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና ቀንበጥ) ይሆናል፣ ግን አድርቀህ። (ሰፈሩ ውስጥ ፍየል ካለ ግን አያድርልህም።)
3. ግንዱ ዙሪያ አንድ መዳፍ ክፍት ተው።

ሦስተኛዋን እንዳትንቃት። አንድ ዓመት አገዳውን ግንዱ ድረስ አስጠግቼ ነበር። ቃሪያዎቹ ጠውልገው ውሃ የጠማቸው መስሎኝ ሳጠጣ ከረምኩ። አገዳውን ባነሳው ምስጥ ግንዱን ዙሪያውን ልጦታል። አሁን በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቦታ ገለጥ አድርጌ አያለሁ።