«ኒውፋውንድ» በአማርኛ፦ አዲሱ ነገሩ ነው ወይስ መገኘቱ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ አንኮበር ወፎች በሚያወራ ምንባብ ውስጥ ያለውን «ኒውፋውንድ» የተባለ ቅጽል አንዳንድ ተማሪዎቼ «አዲስ»፣ ሌሎቹ «አዲስ የተፈጠረ» ብለው ተረጎሙት። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለተኛው ከናካቴው አያስኬድም፤ መፍጠር ያልነበረውን ማምጣት፣ ማግኘት ግን የነበረውን መድረስ ነውና። የመጀመሪያውም ጎደሎ ነው። ቅጽሉ «አዲስ» እና «የተገኘ» ከሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት የተጣመረ ሲሆን፣ አዲስነቱ የሚያርፈው በመገኘቱ ላይ እንጂ በተገኘው ነገር ዕድሜ ላይ አይደለም። በአንኮበር ገደላማ አፋፍ የምትኖረው ቡናማ ዥንጉርጉር ትንሽ ወፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በአጥኚዎች ታይታ በ1979 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣላት በዚህ ቅጽል ልትጠራ ትችል ነበር፤ ወፏ ግን ከዚያ አስቀድሞም በዚያው አፋፍ ጥሬዋን ስትለቅም ኖራለች። ስለዚህ «አዲስ ወፍ» ከማለት ይልቅ «አዲስ የተገኘች» ወይም «በቅርቡ የታወቀች ወፍ» ማለት ይገባል። እኔስ «ለሳይንስ አዲስ የሆነች» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የአገሩ እረኛ ከአጥኚዎቹ በፊት ሳያያት አልቀረምና። በካናዳ የምትገኘው የኒውፋውንድላንድ ደሴትም በ1497 ጆን ካቦት ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደዚያ የባሕር ዳርቻ ካቀና በኋላ «አዲስ የተገኘች ምድር» ተባለች እንጂ ነባር ሕዝብ ነበራት።

ቃሉ ለሰው ጠባይና ኑሮ ሲነገር ግን «በቅርቡ የታወቀ» አይስማማውም። ድፍረትን ሲገልጽ «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያደረበት ድፍረት»፣ ሀብትን ሲገልጽ «በቅርቡ ያገኘው ሀብት» ቢባል ያምራል።

ተማሪዎችዎ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የሚሳሳቱበት ሌላም ቦታ አለ። እኛ «ወፏ በቅርቡ የተገኘች ናት» ብለን ዐረፍተ ነገሩን በቅጽሉ መዝጋት እንችላለን፤ «ኒውፋውንድ» ግን በተለምዶ ከስሙ በፊት እንጂ «ናት» በሚለው ግሥ ቦታ ከሚገባው ቃል በኋላ አይውልም። እዚያ ላይ እንግሊዞቹ «ኒውሊ ዲስከቨርድ» ይላሉ። ደግሞም ቅጽሉ ጊዜ ያልፍበታል፤ ዛሬ ስለ አንኮበሯ ወፍ የሚጽፍ ሰው ሊጠቀምበት አይገባም።

እርማቱን በተመለከተ፣ «አዲስ» ላሉት ከፊል ነጥብ ቢሰጧቸው አልቃወምም።