ለሁለት ክፍል ቤት 160 ዋት ይበዛል ወይ?

ከቡሬ የጻፍከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያነበብኩት ትናንት ማታ መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። መልሱ ረዘም ስለሚል እስኪመጣ ጠበቅኩ። ያልከው ይህ ነው፦ አጎትህ ድሮ ከውጭ ያመጣው ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 ሪሲቨር ለአንተ ደርሶሃል። በየቻናሉ 160 ዋት ነው፤ ቤትህ ሁለት ክፍል፣ እስፒከሮችህ ደግሞ 50 ዋት የሚሉ። ጓደኞችህ «ይሄን ድንጋይ ሽጠህ ብሉቱዝ ግዛበት» ይሉሃል። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት መርፌዎችም ሙዚቃ ሲከፈት ስለማይንቀሳቀሱ የተበላሸ መስሎሃል።

(ለሌሎቻችሁ፦ ሪሲቨር ሲባል የዲሹ አይደለም። ሬዲዮና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) በአንድ ሳጥን የያዘው የድሮው ነው። ጎረቤቴ የእኔን አይቶ «ስንት ቻናል ያመጣል?» ሲለኝ «ሁለት፤ ግራና ቀኝ» ብዬው ተቀይሞኛል።)

ከመርፌዎቹ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ደህና ናቸው። ሁለቱም የሬዲዮ ናቸው፤ አንዱ ጣቢያው ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚገባ፣ ሌላው ጣቢያው መሃል ላይ መቆምህን ያሳያሉ። ኤፍኤም ክፈትና እያቸው፣ ይነሳሉ። ከሙዚቃው ጋር የሚዘሉት የዋት መርፌዎች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1978 በወጡት በእነ 1280 እና 1980 ላይ ነው። ያንተ የ1976 ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። የያዝኩት የአንተን ታናሽ ነው፣ 1050፣ በየቻናሉ 120 ዋት፣ የወጣውም በዚያው ዓመት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ቤት ዕቃ ሲሸጥ አገኘሁት፤ የከፈልኩበት ገንዘብ የዚያን ጊዜ የአንድ ጥሩ በሬ ዋጋ ነበር። ባለቤቴ እስከዛሬ «በሬው» ነው የምትለው። «በሬውን ዝጋው፣ ልጆቹ ይተኙ።»

ወደ ዋናው ልግባ። ሰው ዋትን የጩኸት መለኪያ አድርጎ ያየዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን አንተ ማታ ቁጭ ብለህ ወሬ በማይረብሽ ድምፅ ስትሰማ መሣሪያህ የሚያወጣው አንድ ዋት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱም አይሞላም። የተለመደ የቤት እስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ 88 ወይም 90 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ ይሄ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ድምፁ ለጆሮህ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ደግሞ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ፣ በዲሲቤል 10፣ ማደግ አለበት። ስለዚህ በ50 ዋትና በ160 ዋት መካከል ያለው ልዩነት በዲሲቤል ሲሰላ 5 ብቻ ነው። ጓደኞችህ እንደሚያስቡት ሦስት እጥፍ አይጮህም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት ለምን? የገበሬ ልጅ ከሆንክ ይገባሃል። ብርቱ በሬ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ አይውልም፤ ጉልበቱ የሚታየው ማረሻው ሥር ሲይዝ ነው። ደካማው እዚያ ላይ ይንበረከካል፣ ብርቱው ሳታውቀው ያልፈዋል። ሙዚቃም እንደዚያ ነው። አማካዩ አንድ ዋት ይሆንና ከበሮው በተመታባት ቅጽበት ሃያ ሠላሳ ዋት ይጠይቃል። ትንሹ አምፕ እዚያ ላይ ይጨነቅና የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ጆሮ ደግሞ ምክንያቱን ባያውቅም ይደክመዋል። ትልቁ ሪሲቨር ዝግ ብሎ ሲጫወት የሚጥመው ለዚህ ነው።

እስፒከሮቼ ይቃጠላሉ ወይ ላልከው፣ ጥንቃቄ ካለህ አይቃጠሉም። እንዲያውም ብዙ እስፒከር የሚገድለው አቅሙ ያለቀ ትንሽ አምፕ ነው፤ የተቆረጠው ድምፅ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን እስፒከር ያቃጥላታል። አንተ የቮልዩሙን ቁልፍ ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ መሻከር ስትሰማ ወዲያው ቀንስ። ለሠርግ ዳስ አታውሰው እንጂ! የወንድሜ ልጅ ሲያገባ አውሼ፣ የእኔ አንዱ ወፍራም እስፒከር በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የበሬው ሳይሆን የአራሹ ነው።

አሁን የምወደውን ልንገርህ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኛ ቤት ዘፈን ይቆማል፤ የሚከፈተው በገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚነዝረው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ድምፁ ከታች ነው የሚመጣው። በብሉቱዟ ስትሰማው ንዝረቱ ብቻ ይቀራል፣ ንብ የገባባት ቆርቆሮ ትመስላለች። መጀመሪያ በዚህኛው ስከፍተው እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፣ ምጣዱን አውርዳ ቁጭ አለች። ምንም አላለችም። ካሴቱ እስኪያልቅ ቡናው ቀዘቀዘ።

ሌላው መፈተኛዬ የማኅሌት ቅጂ ነው። ከበሮው ከታች፣ ጸናጽሉ ከላይ፣ መሃሉ የሊቃውንቱ ድምፅ። ጎጃም ተወልደህ ይሄ ድምፅ በልጅነትህ ጆሮህ ውስጥ ከሌለ ይገርመኛል። ጸናጽሉ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ሳይሆን እያንዳንዱ ቃጭል ለብቻው ከተሰማህ፣ ከበሮውም ሳይጎረብጥ ከመጣ፣ መሣሪያህ ጤነኛ ነው። ዝግ አድርገህ ስትሰማ ላውድነስ የሚለውን ተጫን፤ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙን ቶሎ ስለሚያጣው እሱን ይመልስልሃል። ከፍ ስታደርግ ግን አጥፋው።

አሁን ወደሚያስፈራው። ከጀርባው ቮልቱን አንብብ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በ120 ቮልት ብቻ ናቸው፤ ለሌላው አገር የተላኩት ቮልት መምረጫ አላቸው። ያንተ ድሮም ሲሠራ የቆየ ስለሆነ ወይ መምረጫው 220 ላይ ነው፣ ወይ አጎትህ ከሥሩ ከባድ የብረት ሳጥን፣ ማለትም ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር፣ አስቀምጦለታል። ሳጥኑ ካለ አትለያቸው። የእኔ ባለ 120 ቮልቱ ነው። አንድ ቀን እንግዳ የመጣ ዘመድ ስልኩን ሊሞላ ሳጥኑን ነቅሎ ሪሲቨሩን ግድግዳው ላይ ሰካው። ፊውዙ ወዲያው ሄደ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሌላው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ሶኬት ወደ እኛ የሚቀይረውን ማገናኛ ከቤቱ አጠፋሁት፤ ግድግዳው ላይ ልሰካው ቢል እንኳ አይገባለትም። ፊውዝ ሲቃጠል በልኩ ቀይር፤ ሽቦ ጠምዝዞ መክተት ቤት ማቃጠል ነው።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀለው፤ ሲመጣም አሥር ደቂቃ ጠብቅ። በእኛ ሰፈር ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፤ የጎረቤት ፍሪጅ ሲቃጠል አይቻለሁ።

ስታበራው ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። እሱ ሪሌ ነው፤ ውስጡ ሰላም መሆኑን አይቶ እስፒከሩን የሚያገናኘው ዘበኛ ነው። «ቀጭ» ካላለ ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው። የእኔ አንድ ጊዜ ዝም አለና ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። በማግሥቱ «ተሠርቷል» ብሎ መለሰልኝ። የሠራው ሪሌውን ዘልሎ ገመዱን ቀጥታ ማገናኘት ነበር! አንድ ትራንዚስተር ሞቶ ስለነበር በዚያው ምሽት ግራው እስፒከር ጭስ አወጣ። ዘበኛውን አስሮ ሌባ ማስገባት ማለት ይሄ ነው። ጠጋኝ «ሪሌው ነው፣ አያስፈልግም» ካለህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ጥሩ ጠጋኝ የምታውቀው የከፈተውን ዕቃ በመጀመሪያ ከድሮው ባለ ክር አምፖል ጋር በተከታታይ አገናኝቶ ሲያበራ ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና፣ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። በኤልኢዲ አምፖል ይሄ አይሠራም። አንተ ራስህ ግን ክዳኑን አትክፈት፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛሉ።

«አንዱ ጎን ይጠፋል፣ ቁልፉን ስነካው ይንኮሻኮሻል» የሚል ሰው እዚህ በየሳምንቱ ይጽፋል። አቧራ ነው። የቁልፎቹ ውስጥ በኮንታክት ክሊነር (በሚረጨው የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ) ይታጠብ፣ አብዛኛው በዚያ ይድናል። ጭራሽ ድምፅ ከጠፋብህ ደግሞ ወደ ጠጋኝ ከመሮጥህ በፊት ቴፕ ሞኒተር የሚለው፣ ድምፁን ከቴፕ ብቻ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ቁልፍ፣ ተጭኖ እንደሆነ እይ። እኔ በዚህች ቁልፍ ምክንያት ያን የሚያህል ከባድ ዕቃ በባጃጅ ጭኜ ሄጄ፣ ጠጋኙ በአንድ ጣቱ ሠርቶልኝ ተመልሻለሁ። ገንዘብም አልተቀበለኝም፣ እየሳቀ።

ስልክህን ኦክስ በሚለው ሰካ። ፎኖ ላይ አትሰካ፤ እሱ ለሸክላ ነው። የሸክላው መርፌ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ በጣም አጉልቶ፣ ወፍራሙንም ጨምሮ ነው የሚቀበለው፤ ስልክ ሲገባበት ይጮህብሃል። ለኤፍኤም አንቴና የትም አትድከም፦ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ድርብ ሽቦ፣ መሃሉ ላይ እንደ ቲ ፊደል ተገናኝቶ፣ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ።

አንድ ነገር ላይ ከባለቤቴ ጋር ዓመታት ተጣልተናል፦ ዳንቴል። ቤት ሲያምር ሁሉም ነገር ላይ ዳንቴል ይጣላል፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ በሬውም ላይ። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ሙቀት መውጫ ናቸው። ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት፤ ረከቦትም ዕጣን ማጨሻም አይቀመጥበት። የታረቅነው እንዲህ ነው፦ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉ ይለብሳል፣ ሲበራ ይወልቃል። ለአቧራውም ጥሩ ሆነ።

ልሽጠው ወይ? እኔ ብሆን አልሸጥም። ብሉቱዟ ቤቴ አለች፣ መብራት ሲጠፋ የማርያም መንገድ ናት፣ ማሳ ድረስ ይዘሃት ትሄዳለህ፤ አልንቃትም። ግን ባትሪዋ ሲሞት አብራ ትሞታለች፤ ይሄኛው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ካፓሲተሮቹ ተቀይረውለት ገና ይሄዳል። ለመግዛት የሚመጡት ነጋዴዎች «አሮጌ ነው» እያሉ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚመላለሱ ራስህን ጠይቅ።

ለጊዜው የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ፣ ቮልቱ የተጻፈበት ቦታ ጎልቶ እንዲታይ። እስፒከሮችህም ስንት ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠናቸው ነው) እንደሚሉ እይ፤ ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም አንድ ላይ ብታበራ ለመሣሪያው 4 ኦም ይሆንበታል፣ ከዚያ በታች አትውረድ። ወደ ማርቆስ ከመጣህ ደግሞ የአጎትህን ካሴቶች ይዘህ ና፤ የእኔ ቴፕ ይሠራል፣ ቡናም አለ።