ስኮላርሺፑን ልያዝ ወይስ ኤልሳቱን ልድገም?

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች ፈልገውሻል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። በማኔጅመንት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሻል። በዲቪ መጥተሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖሪያለሽ። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ላይ፣ ኤልሳት ላይ፣ 156 አምጥተሻል። ሌላ ስቴት ያለ ትምህርት ቤት ሙሉ ክፍያሽን እችላለሁ ብሎሻል፤ ግን 3.2 ጂፒኤ መጠበቅ አለብሽ። እዚሁ ዲሲ አካባቢ ያለው ደግሞ የክፍያውን ሲሶ ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ሰጥቶሻል። ቤተሰብ «ነፃ ትምህርት ተገኝቶ ምን ይመረጣል?» ይላል። አንቺ ግን ፈተናውን ደግመሽ በሚቀጥለው ዙር ማመልከት ያምርሻል።

እኔ ድገሚ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን እንየው። 3.2 ሲባል ኮሌጅ ለጨረሰ ሰው ቀላል ይመስላል። የሕግ ትምህርት ቤት ግን በከርቭ ነው የሚያርመው። መምህሩ ምን ያህል ተማሪ ኤ፣ ምን ያህሉ ቢ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ተወስኖለታል። የክፍሉ አማካይ 3.0 ላይ ከተያዘ፣ ሁሉም ሌሊቱን ሲያጠና ቢያድር እንኳ አብዛኛው ከ3.2 በታች ይወድቃል። የአንድ ኮርስ ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ነው የሚወሰነው።

አብሮኝ የተማረ ጎበዝ ልጅ ነበር። የእሱ ቅድመ ሁኔታ 3.0 ነበር። ከላይብረሪ የማይጠፋ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሲወጣ ለጥቂት አመለጠው። በጋው ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ስኮላርሺፑ ተነሳ። ያኔ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር ውጤቱ አይበቃም፤ ለማቆም ደግሞ አንድ ዓመት ባክኗል። የቀረውን ሁለት ዓመት በብድር ጨረሰው። ስንፍና አልነበረም፤ ሂሳቡ ከመጀመሪያውም ለእሱ የተሠራ አልነበረም።

ይህንን ሳትገምቺ ማጣራት ትችያለሽ። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር፣ በኤቢኤ፣ እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ «ስታንዳርድ 509» የሚባል ሪፖርት ያወጣል። ውስጡ ስለ ቅድመ ሁኔታ ስኮላርሺፕ ሰንጠረዥ አለ። ስንት ተማሪ ይዞት ገባ፣ የስንቱ ተቀነሰ ወይም ተነሳ የሚለውን በቁጥር ያሳይሻል። ከአምስቱ ሁለቱ ካጡት፣ ስጦታው ሙሉ አይደለም። ባር የሚባለውን የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ያለፉትንና ሥራ ያገኙትን ብዛትም ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ያወጣል፤ አብረሽ እያቸው።

ሁለተኛው ነገር ያንቺን ጉዳይ ከብዙዎቹ የሚለየው ነው። ዲግሪሽ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ስለሆነ፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ ጂፒኤ አያሰላልሽም። ትራንስክሪፕትሽን ይገመግማል እንጂ ቁጥር አይሰጥሽም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በሚያወጣው የጂፒኤ ሚዲያን (የተማሪዎቹ መካከለኛ ውጤት) ውስጥ አትገቢም። ለእነሱ ከአንቺ የሚቆጠረው ቁጥር ኤልሳትሽ ብቻ ነው። ከኤልሳት ሚዲያናቸው በሦስት ነጥብ በታች ያለች አመልካችና በአንድ ነጥብ በላይ ያለች አመልካች የሚቀርብላቸው ገንዘብ በጭራሽ አይገናኝም። እኛ አገር ቤት የተማርን ሰዎች ይህንን የሚነግረን የለም። እኔም ያወቅኩት አንድ ዓመት ኢሚግሬሽን ቢሮ ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ሆኜ እየሠራሁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስዘጋጅ ነው።

«ከደገምሽ አማካዩን ይወስዱታል» የሚሉሽን አትስሚ። ያ ድሮ ቀረ። ዛሬ ለኤቢኤ የሚሄደው ከፍተኛው ውጤትሽ ነው። አምስት ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አምስቴ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ሰባት ጊዜ ድረስ መፈተን ይፈቀዳል።

ግን ዝም ብለሽ አትመዝገቢ። ሰዓት ይዘሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ እያንዳንዱን ክፍል በ35 ደቂቃ ሞክሪ። የልምምድ ውጤትሽ በተከታታይ 160ና ከዚያ በላይ ካልሆነ የፈተናው ዕለት ተአምር አይመጣም። የእኔን ውጤት የለወጠው አዲስ መጽሐፍ አልነበረም። ለተሳሳትኩት ጥያቄ ሁሉ አምስቱንም ምርጫ ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ አራቱ ለምን እንደወደቁ በአማርኛ ለራሴ አስረዳ ነበር። በጣም አድካሚ ነው። ሎጂካል ሪዝኒንግ የሚባለው የፈተናው ክፍል ላይ የምወድቅበት ወጥመድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ የታየኝ ግን ያኔ ነው። ደግሞ ከጓደኛ የተረፈ የድሮ መጽሐፍ ከያዝሽ ተጠንቀቂ፤ የሎጂክ ጌም ክፍሉ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ላውሀብ በሚባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚገኙ ፈተናዎች አሉ። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የኤልሳክን የክፍያ ነፃ ፈቃድ ጠይቂ።

ብድሩን አስቢበት። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ፣ ማለትም የቀረውን ወጪ ይሸፍን የነበረው የፌዴራል ብድር፣ የለም። የሕግ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። እንደ ጆርጅታውን ባሉት ክፍያው ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የቤት ኪራይ ገና አልገባም። ሲሶ ቢቀነስልሽ እንኳ ኪራይና ቀለብ ሲደመርበት ከጣሪያው ልታልፊ ትችያለሽ። የጎደለውን ከግል ባንክ ልትበደሪ ስትሄጂ ኮሳይነር (አብሮሽ የሚፈርም ዋስ) አምጪ ይሉሻል። ያኔ የአጎትሽ ወይም የአክስትሽ ክሬዲት ላይ ልትንጠለጠዪ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ነጥብ መጨመር እንዲሁ የኩራት ጉዳይ አይደለም፤ የዘመዶችሽንም ቤት ይነካል።

እስከዚያው ግን የዲሲውን በር አትዝጊው። የሲት ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ክፍያ) ቀኑ ሳያልፍ ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል ጻፊ። ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ የሌላው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ቢደርሳቸው ስኮላርሺፑን እንደገና ያዩታል ወይ? የጁን ኤልሳት ውጤትስ ይቀበላሉ? አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። ትሕትና ይኑርሽ እንጂ አትፈሪ፤ ይህ እዚህ አገር የተለመደ አሠራር ነው፣ ጠየቀች ብሎ ማንም ቦታሽን አይነጥቅሽም። እሺ ካሉሽ ዲፖዚቱን ከፍለሽ ጁን ላይ ትፈተኛለሽ፤ ዓመቱም አይባክንም። እምቢ ካሉ ሥራሽን ይዘሽ ኦገስት ላይ ተፈተኚና ማመልከቻው ሴፕቴምበር ላይ እንደተከፈተ አስገቢ። ቀድሞ የገባ ገንዘቡ ሳያልቅ ይደርሳል።

ከዚህ አሳብ የምመለሰው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። የሩቁ ትምህርት ቤት ቅድመ ሁኔታውን አንስቶ፣ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚያበቃውን ዝቅተኛ ውጤት እስከያዝሽ ድረስ ይቀጥላል ብሎ በጽሑፍ ከሰጠሽ፣ አንቺም እዚያ ስቴት ኖረሽ ለመሥራት ከፈለግሽ፣ ያለ ዕዳ ጠበቃ መሆን ትልቅ ነገር ነውና ሂጂ። በስልክ የተነገረሽን ግን አትቁጠሪው።

የ509 ሰንጠረዡን ስታገኚ ቁጥሮቹን እዚህ አስቀምጪልን፤ አብረን እናያቸዋለን።