«ሰው ለመቁጠር ነው የተማርሽው?» ለተባለችው ተመራቂ

ጤና ይስጥልኝ፣ ግራ የገባሽ ተመራቂ።

ደብዳቤሽን ላላዩት አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። በአርክቴክቸር ተመርቀሻል። ከከተማ ዳርቻ ሠራተኛና ተማሪ የሚያመላልሰው የባቡር መስመር እየሰፋ ነው፤ አዳዲስ ጣቢያዎችም ሊገነቡ ነው። በዚሁ ምክንያት ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንዱ ጣቢያዎቹን በሚነድፈው ቢሮ ውስጥ ስሪዲና ሬንደር፣ ማለትም ገና ያልተገነባውን ጣቢያ በኮምፒውተር የሚያሳይ ምስል፣ መሥራት ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ መጠሪያውም «የጣቢያ ዲዛይነር» ይላል። ሌላው ባቡሩን በሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የአገልግሎት ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ጠዋትና ማታ በነባር ጣቢያዎች እየቆምሽ ተሳፋሪ ትቆጥሪያለሽ። ባቡሩ ስንት ሰከንድ እንደቆመ፣ ሰው የት ላይ እንደተጨናነቀ ትመዘግቢያለሽ። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ክፍያውም ያንሳል። አባትሽ ይህን ሲሰሙ «አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ሰው እንድትቆጥሪ ነው?» አሉ። አንቺም ልብሽ ወደ ሁለተኛው ቢያደላም አፈርሽ።

የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ያዢ። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በትራንስፖርት ኦፕሬሽን ክፍል ነበር የምሠራው፤ ከጣቢያ ተቆጣጣሪዎችና ከባቡር ነጂዎች ጋር። ይህን ማወቅሽ ምክሬን ለመመዘን ይረዳሻል።

አባትሽ የናቁት ቆጠራ የጣቢያ ዲዛይን መነሻ ነው። ደረጃው ምን ያህል ይስፋ? ፕላትፎርሙ፣ ማለትም ባቡር የሚጠበቅበት መድረክ፣ ስንት ሰው ይያዝ? የቲኬት በሩ ስንት ይሁን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ቁጥር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩይን ሰው ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወጣና ተሰልፎ ሲጠብቅ እየተመለከተ ለካ። ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሰው የሚይዘውን ቦታ በግምት 45 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ወሰደው። መጨናነቅንም ከኤ (እንደ ልብ ከሚኬድበት) እስከ ኤፍ (መላወሻ እስከሚጠፋበት) በ6 እርከን ከፈለው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ፤ ዛሬም ድረስ ጣቢያ የሚነድፉ ሰዎች በዚህ እርከን ይነጋገራሉ። የጀመረው ቆሞ ከማየት ነው።

የእሳት ደህንነትን ተመልከቺ። ከአሜሪካ ውጭም የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 130 የተባለው የአሜሪካ የባቡር መስመሮች የእሳት ደህንነት ደንብ አለ። በአደጋ ጊዜ ሰው በ4 ደቂቃ ውስጥ ፕላትፎርሙን መልቀቅ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ አስተማማኝ ቦታ መድረስ አለበት ይላል። ጥሩ። ግን በዚያች ሰዓት ፕላትፎርሙ ላይ ስንት ሰው ነበር? ይህን ሳያውቁ የመውጫ ስፋት ማስላት አይቻልም። ያንን ቁጥር የምታመጪው አንቺ ነሽ።

ቁጥሩ ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሕንዷ ሙምባይ አሳይታናለች። ያኔ ኤልፊንስተን ሮድ ይባል በነበረው የከተማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ተዘጉና በቦታቸው የቢሮ ሕንፃዎች ተተከሉ። በየጠዋቱ የሚወርደው ሠራተኛ እየበዛ ሄደ፤ የእግረኛ መሻገሪያው ድልድይ ግን ያው ጠባቡ ድልድይ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2017 ጠዋት ዝናብ ጣለ። ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ድልድዩና ደረጃው ላይ ተጠለለ። ከኋላ ደግሞ የሚመጡት ባቡሮች ሰው ማራገፋቸውን ቀጠሉ። በግፊያው ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሕንድ ሠራዊት ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ድልድይ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ተከፈተ። በጥቂት ወራት! ተሳፋሪዎች ግን ድልድዩ ጠበበን እያሉ ሲጮኹ ዓመታት አልፈው ነበር። ጩኸት ፋይል ውስጥ ይተኛል። «ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በዚህ ደረጃ ይህን ያህል ሰው ያልፋል፣ ደረጃው የሚችለው ግን የዚህን ግማሽ ነው» ብሎ የተጻፈ ወረቀት ግን በጀት ሲመደብ ዘልሎ ማለፍ ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሰው የአንድ ሙያ ባለቤት ነው። ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው።

አገልግሎት ማስፋፋት ማለት ባቡር መጨመር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሐዲዱ ላይ ያለው ቦታ ግን ውስን ነው። አንድ መስመር በሰዓት 30 ባቡር ያሳልፍ ከተባለ በየ2 ደቂቃው አንድ ይመጣል ማለት ነው። አንዱ በር ላይ በተፈጠረ ግፊያ 20 ሰከንድ ቢዘገይ የሚከተለው ይቆማል፣ ከኋላው ያለውም ይቆማል። ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ1972 ለኦሎምፒክ የከተማ ባቡሯን ስትከፍት መሐል ከተማ ባሉ ዋና ዋና ጣቢያዎች ለዚህ መላ አበጅታለች። ባቡሩ በግራም በቀኝም በሩን ይከፍታል። ወራጁ በአንድ በኩል ይወጣል፣ ተሳፋሪው በሌላው ይገባል፤ እርስ በርስ አይገፋፋም። የሙኒክ ዋና መተላለፊያ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት እስከ 30 ባቡር የሚያስተናግደው በምልክት መብራቱ ብቻ ሳይሆን በፕላትፎርሙ አሠራር ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ሰው በር ላይ ሲገፋፋ ካየ ዓይን ነው።

ሬንደር ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ፈገግ ብለው ይራመዳሉ፣ ሻንጣ የሚጎትት የለም፣ ሕፃን ያዘለች የለችም። ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን አይታይም። ጣሪያው የፕላትፎርሙን ግማሽ ብቻ ከሸፈነ ሰው ሁሉ እዚያ ሥር ይሰበሰባል። የኋላ ፉርጎዎች ጢም ብለው ይሞላሉ፣ የፊቶቹ ባዶ ይሄዳሉ፣ ባቡሩም ይዘገያል። መውጫው በአንድ ጫፍ ብቻ ሲሆንም እንደዚሁ ነው። ቶሎ ለመውጣት ሁሉም ለመውጫው የቀረበው ፉርጎ ውስጥ ይታጨቃል። አንድ ዓመት ጣቢያ ላይ ከቆምሽ በኋላ እንዲህ ያለ ንድፍ ፊትሽ ሲቀርብ ዝም ማለት አትችዪም። እኔ የምፈልግልሽ ይህንን ነው።

የሬንደር ሥራ ክብር የለውም እያልኩ አይደለም። ግን ምስል መሥራት በየጊዜው እየቀለለ፣ በኮምፒውተር እየተተካ የመጣ ሥራ ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ውሳኔው አልቆ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው። የደረጃው ስፋት ተወስኗል፤ አንቺ የምታሳምሪው ቀለሙን ነው። መጠሪያው «ዲዛይነር» ስላለ ብቻ ዲዛይን ትሠሪያለሽ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ አባትሽን በአክብሮት እሞግታቸዋለሁ። የደመወዙ ልዩነት ለቤታችሁ ሁለተኛ ፎቅ ማጠናቀቂያ ታስቧል ብለሻል። ቤተሰቡ በልቶ የሚያድረው በአንቺ ደመወዝ ቢሆን ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር። ግን አባትሽ ይሠራሉ፣ ታላቅ ወንድምሽም ይሠራል። ፎቁ አንድ ዓመት ይቆይ። ልጅን ማስተማር የወላጅ ወግ ነው፤ ልጅ ሥራ በያዘች ማግስት የሚጠየቅ ዕዳ መሆን የለበትም። «ሰው ምን ይለናል» የሚለውም ቢሆን አንቺን ለዓመታት የማትወጂው ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ምክንያት አይደለም። ከቻልሽ አንድ ጠዋት ሰው በሚበዛበት ሰዓት አባትሽን ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ። ደረጃው ላይ ያለውን ግፊያ በዓይናቸው ይዩት፤ ይህን ማን ነው የሚያስተካክለው ብለሽም ጠይቂያቸው።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ። ሒሳብ ደካማ ነኝ ላልሽው፣ የሚያስፈልግሽ መደመር፣ ማካፈልና ኤክሴል ነው፤ ሌላው በሥራ ይመጣል። ማስተርስ አሁን አትጀምሪ፤ ምን ማጥናት እንዳለብሽ ከዓመት በኋላ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የስሪዲ ችሎታሽን አትጣዪው፤ ያየሽውን መጨናነቅ ለአለቆችሽ በሥዕል ማሳየት ስትችዪ ከሌሎቹ ትለያለሽ።

አካል ጉዳተኛ እህት እንዳለሽና ጣቢያ ለማየት የጀመርሽው በእሷ ምክንያት መሆኑን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ግን ልብ ብዬዋለሁ። በባቡሩ ወለልና በፕላትፎርሙ መካከል ያለው ከፍታና ክፍተት በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መግባትና መቅረትን የሚወስን ነገር ነው። ስትመዘግቢ ይህንንም መዝግቢ። ሊፍቱ የተበላሸባቸውን ቀናት ጭምር። ማንም ባያዝሽም።

ከመፈረምሽ በፊት ደውለሽ ሦስት ነገር አረጋግጪ። የምትሰበስቢው መረጃ ወደ ጣቢያዎቹ ነዳፊዎች ይሄዳል ወይ? ስብሰባቸው ላይ አንቺም ትቀመጫለሽ ወይ? የማታ ፈረቃ ሲኖር ወደ ቤት የሚያደርስ መኪና አለ ወይ? ለሦስቱም አዎ ካሉሽ ፈርሚ። ሁለተኛውን ካመነቱ፣ በየወሩ አንድ ስብሰባ ላይ እንድትገኚ ኮንትራቱ ውስጥ ይጻፍልኝ በያቸው፤ ብዙ ድርጅት ይህን አይከለክልም። መኪናው ላይ ግን አትደራደሪ።