የአይጥ አንጀት ትል ለምትሰበስቢው እህቴ፦ ፎርማሊኑን ሳትከፍቺ ይህን አንብቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። በመኖሪያ ቤቶች ዙሪያ የሚኖሩ አይጦችንና አይጠ መጎጦችን ይዘሽ የአንጀት ትላቸውን ለማስተርስ ጽሑፍሽ ልታጠኚ ነው፤ «ትሉን ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ልየታውን በኋላ ተረጋግቼ ብሠራው ችግር አለው?» ነው ያልሽው። ከላይ «ምንም ችግር የለውም» ያሉሽ ሰዎች ለቅንነታቸው ይመስገኑ፤ ግን ፎርማሊን ሥራቸውን በልቶባቸው አያውቅም ማለት ነው። የእኔን በልቷል። ወጥመድ አጣጣሉንና አከፋፈቱን ታውቂዋለሽ ብዬ ልዝለለው።

1. ትሉን ለማንም ከማስረከብሽ በፊት እዚያው የከፈትሽበት ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ክፈዪው። አንዱ እጅ 95% ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ንጹህ አልኮል ውስጥ ለዲኤንኤ፣ ሌላው 70% አልኮል ውስጥ ለቅርጽ ጥናት። ትልቅ የኮሶ ዓይነት ትል ካገኘሽ ከመሃል ትንሽ ቆርጠሽ ለዲኤንኤው አኑሪ፤ ራሱና ጫፉ ለቅርጹ ይቆዩ። ፎርማሊን ቅርጽ ያስቀምጣል፣ እንቁላልም ያስቀምጣል፤ ዲኤንኤውን ግን ከፕሮቲን ጋር ያጣብቀዋል፣ ይሰባብረዋልም። ከዚያ በኋላ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣው ምርመራ) ቢሠራ የሚወጣው ነገር አያስተማምንም፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይወጣም።

ይህን ሳውቅ ነው የተጎዳሁት፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ናሙናዬን በአልኮል አድርጌ፣ ጠርሙሱ ላይ «አልኮል ብቻ» ብዬ ጽፌ፣ በደብዳቤም አያይዤ ነው ለአንድ ላብራቶሪ ያስረከብኩት። ስሙን አልጠራም። ተራዬ እስኪደርስ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ አልኮሉ እየተነነ ጎደለ። ባለሙያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፎርማሊን ሞላበት! ለምን ብዬ ስጠይቅ ኃላፊው ከወረቀቱ ላይ ቀና እንኳ ሳይል «ለአይጥ ትል ነው ይሄ ሁሉ ንዝንዝ?» አለኝ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ወንበር የተባለ ነገር ለእንግዳ አይሰጥም፤ ቆሜ ነው የሰማሁት።

አየሽ፣ የጥናቱ ጥያቄ እኮ አይጡ ትል አለው ወይ የሚል አልነበረም። ሰው አጠገብ የሚኖር አይጥ ትል እንዳለው ማን ያጣዋል? ጥያቄዬ በአይጡ አንጀት ያለው ሃይሜኖሌፒስ ናና የተባለው ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል እና በሰው ላይ የሚገኘው ናና አንድ ናቸው ወይ የሚል ነበር። ሁለቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይለያዩም። አንድ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ከሰው የተገኘ ናና ለአይጥ ቢሰጥም አልያዘም የሚል የሙከራ ውጤትም አለ። ክርክሩን የሚቆርጠው ዲኤንኤ ነው። የእኔን ዲኤንኤ ደግሞ ፎርማሊን ቆረጠልኝ። የምዕራፉ ርዕስ ተቀይሮ «ናናን የሚመስል» ተባለ። ያንን «የሚመስል» እስከ ዛሬ ሳየው ያመኛል።

የዚያው ላብራቶሪ ሪፖርት ደግሞ የኮሶ ዓይነቱን ትል በሙሉ «ዲሚኑታ» ብሎ ጻፈው። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ሃይሜኖሌፒስ ዲሚኑታ ዑደቱን ለመጨረስ በመሃል ነፍሳት ያስፈልገዋል፤ የዱቄት ጥንዚዛ ወይም ቁንጫ እንቁላሉን ትበላለች፣ አይጡ እሷን ይበላል፤ ሰውም የሚያዘው እህል ውስጥ ያለች ጥንዚዛ ሳያውቅ ሲውጥ ነው። ናና ግን ነፍሳት ሳያስፈልገው በቀጥታ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ እንቁላሉ እዚያው አንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ ያንኑ ሰው መልሶ ይይዘዋል። ዲሚኑታ ብለሽ ከጻፍሽ ምክርሽ እህል ጠብቁ ይሆናል፣ ናና ካልሽ እጅ ታጠቡ። ስለዚህ ዝም አላልኩም። የትሉን ራስ ሆየር በሚባል ማጥሪያ ፈሳሽ አጥርቼ፣ በስስ መስታወት ተጭኜ መንጠቆዎቹን ቆጠርኩ። ናና ከ20 እስከ 30 መንጠቆ በአንድ ረድፍ ይዟል፤ ዲሚኑታ አንድም የለውም። መንጠቆ የተሸከመችው ጉብታ ወደ ውስጥ ስለምትሸሸግ የሚቸኩል ሰው አያያትም። እንቁላሉንም ለካሁ፦ የናና ከ30 እስከ 47 ማይክሮሜትር ነው፣ በሁለቱ ጫፍ በኩል የሚወጡ ቀጫጭን ክሮችም አሉት፤ የዲሚኑታው ወደ 70 እና 80 ይጠጋል፣ ክርም የለውም። ሪፖርቱ ታረመ። «ይቅርታ» የሚል ቃል ግን አልተጻፈበትም፤ «ተሻሽሏል» ነው የሚለው።

2. ጨጓራውን፣ ቀጭኑን አንጀት፣ ሴከሙን (የትልቁ አንጀት መነሻ የሆነውን ከረጢት) እና ትልቁን አንጀት በየፔትሪ ዲሹ ለይተሽ ክፈቺ፤ ትሉ የተገኘበት ቦታ ግማሽ ልየታ ነው። ቀጭኑ አንጀት ላይ ቀላ ያለ ጥቅልል ትል ካየሽ የኒፖስትሮንጊለስ ወይም የሄሊግሞሶሞይደስ ወገን ነው፤ ሴከም ውስጥ ሲፋሺያና ትሪኩሪስ፣ ትልቁ አንጀት ላይ አስፒኩሉሪስ። በቤት አይጥ ላይ የሐሞት ቱቦውንም ክፈቺ፤ ናናን በጣም የሚመስለው ዘመዱ ሃይሜኖሌፒስ ማይክሮስቶማ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጨጓራውን «የአንጀት ትል ነው የማጠናው» ብለሽ አትጣዪ። የአይጥ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ጎንጂሎኔማ የተባለ ትል ዴንማርካዊውን ሐኪም ዮሐንስ ፊቢገርን የ1926ን የኖቤል ሽልማት አሸልሟል፤ ካንሰር ያመጣል ብሎ ነበር፣ በኋላ ትክክል እንዳልሆነ ታወቀ። ሽልማቱ ግን አልተመለሰም፤ እኔ ለፎርማሊን ነው የተቆጣሁት!

ስታጥቢ በጨው ውሃ (0.9%) እጠቢ፤ በተራ ውሃ ትንንሾቹ ድቡልቡል ትሎች ይፈነዳሉ። ድቡልቡሎቹ እንዲዘረጉ የሞቀ 70% አልኮል ጨምሪባቸው፤ የምታሞቂው ግን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ እንጂ እሳት ላይ አይሁን። እሾሃማ ራስ ያላቸውን እነሞኒሊፎርሚስን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሪያቸው፣ ራሳቸውን ያወጣሉ። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ። ውጭ በእስክሪብቶ የተጻፈው አልኮል ሲነካው ይጠፋል።

3. ባዶውን አንጀት መዝግቢ። ያው የተባረከ ላብራቶሪ ትል የተገኘበትን ብቻ መዝግቦ «ባዶ ምን ይጻፋል?» ብሎኛል። የተጠቂዎች መቶኛ የሚሰላው ለተመረመሩት ሁሉ ነው፤ አማካይ ብዛትም ዜሮዎቹን ይጨምራል፣ ዜሮዎቹን የሚተወው ኢንቴንሲቲ የሚባለው፣ በተጠቁት እንስሳት ላይ ብቻ የሚሰላው አማካይ ነው። ደግሞም ትል በእኩል አይከፋፈልም፤ ብዙው ትል ጥቂት እንስሳት ላይ ነው የሚከማቸው። ባዶዎቹን ከጣልሽ ይህ ሥርጭት አይታይሽም። እኔን ያዳነኝ በእጄ የያዝኩት የመስክ ደብተር ነው። ሰገራ ብቻ አንሳፍፌ እንቁላል እቆጥራለሁ ካልሽ ደግሞ ሲፋሺያ ያመልጥሻል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ፊንጢጣ ዙሪያ ስለሆነ ለእሱ የሚሻለው እዚያ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፎ አንስቶ ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልቆጥር ልጻፈው። የፈቃድ ነገር፦ የእንስሳት ጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ወጥመድ ከመጣልሽ በፊት ይኑርሽ። እኔ የሄድኩበት ቢሮ «አይጥ ለመግደል ደብዳቤ!» ብለው ተሳስቀው መለሱኝ። ተመላልሼ አስጻፍኩት። በኋላ ጆርናሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ የዚያን ደብዳቤ ቁጥር ነበር። ላብራቶሪ ስታስረክቢም በምን ፈሳሽ እንደሚቆይና ሲጎድል ማን እንደሚጠራ የሚገልጽ የርክክብ ወረቀት አስፈርሚ። ወረቀቱን አንፈርምም ካሉሽ ናሙናውን አትስጪ።

ጓንት አታውልቂ። ናና ከአይጡ ሲወጣ እንቁላሉ ወዲያው ይይዛል፤ ቀናት አይጠብቅም። የአይጡ ሽንት ደግሞ ሌፕቶስፓይራ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ አይጡ ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ጥሎት ይወጣል፣ ስለዚህ አይጡን በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጊ። ቀበሮና ውሻ ልጨምር ካልሽ ግን ከዚህ ውጭ የሆነ ጥንቃቄ ነው፤ ኤኪኖኮከስ የተባለውን የእነሱን አደገኛ የኮሶ ዓይነት ትል እንቁላል ለመግደል አልኮልም ፎርማሊንም አያስተማምኑም፣ አንጀቱ ከመከፈቱ በፊት −80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት መቆየት አለበት።

ትሉን አግኝተሽ ለልየታ እዚህ ፎቶ ስትለጥፊ የሙሉ ትል ፎቶ ብቻ አታምጪ፤ ከእሱ ማንም ምንም አይልሽም። ራሱን፣ የወንዱን ጭራና እንቁላሉን ለየብቻ አንሺ፤ መለኪያ መስመርም ይኑርበት። ከየትኛው የአንጀት ክፍል እንደወጣም ጻፊ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምመልስልሽ እኔ ነኝ።